ቅጣቱን ሁሉ ከፍያለሁ፤ ታዲያ ለምን ብቻዬን ቀረሁ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን ላስቀምጥላችሁ። ስሜ አይጠቀስ ስላለኝ አልጠቅሰውም።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 34 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳርና የ2 ልጆች አባት ነኝ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና እሠራለሁ፤ ሥራው በሽፍት ነው። ቤቴ ግን ደሴ ስለሆነ በየቀኑ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ እወጣለሁ። የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) አባል ከሆንኩ 5 ዓመት ሞላኝ። መዋጮ አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም። ቀብር መገኘት ግን አልቻልኩም፤ ጥሩምባው ሲነፋ እኔ ማሽን ሥር ነኝ። ስለዚህ የቀረሁበትን ቅጣት በየጊዜው እከፍላለሁ፣ የማንም ዕዳ የለብኝም። በታኅሣሥ እናቴ አረፈች። ቅሬው ድንኳን ተከለ፣ ወንበር መጣ፣ ገንዘቡም ሳይጎድል ተሰጠኝ። ቀብር ላይ ሰው ነበረ፣ ስም ተጠራ። ከዚያ በኋላ ግን ወንዶቹ ውልቅ ውልቅ አሉ። ማታ ድንኳኑ ውስጥ አብረውኝ የነበሩት ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ብቻ ናቸው። ሴቶቹ እንኳ እስከ ሠልስት ከባለቤቴ አልተለዩም። ሌላ ጎረቤት ሲሞትበት ወንዶቹ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያድሩ አያለሁ። ለቅሬው ዳኛ ቅር እንዳለኝ ስነግራቸው ‹ልጄ፣ ቅሬው ግዴታውን ተወጥቷል› አሉኝ። አሁን ከቅሬው ወጥቼ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር በቴሌግራም የራሳችንን መረዳጃ ላቋቁም ነው። ባለቤቴ ‹አንተ ውጣ፣ እኔ አልወጣም› ብላኛለች። እስቲ ይምከሩኝ። ምን አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እናትህን ነፍስ ይማርልን። ለአንተም፣ ለባለቤትህም፣ አያታቸውን ላጡት ልጆችህም መጽናናቱን ይስጣችሁ። ሁለት ወር ለእናት ሐዘን ምንም አይደለም፤ ገና ትኩስ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምልህ ቢከብድህ አስቀምጠውና ሌላ ቀን አንብበው።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ገንዘብ አንድም ቅሬታ የለህም። የቆጨህ ያቺ ሌሊት ናት። የእናትህ ድንኳን ውስጥ ያ ሁሉ አግዳሚ ወንበር ባዶውን ማደሩ። የደሴን የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ድንኳን ውስጥ ለተቀመጠ ሰው አጥንት ይሰብራል። ሦስት ሆናችሁ እሱን ስትቀበሉ ማደራችሁ አሳዝኖኛል። ቅር ቢልህ ሐቅ አለህ።

ግን «ምን አጠፋሁ?» ብለሃልና ሳልሸፋፍን ልመልስልህ። ደንቡን አላጠፋህም። ሰዉ ግን አያውቅህም። ጸሐፊው ስምህን ከመዝገብ ላይ ያውቀዋል፣ ገንዘብ ያዡም መልክህን ያውቃል። ከነሱ ውጪ ያለው፣ ያ ባለ ሱቁ፣ ያ መምህሩ፣ ከአጥርህ ማዶ ያሉት ሽማግሌ፣ ያን ቀን ጥሩምባ ሲነፋ «የማን እናት ናት?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ምን ነበር መሰለህ? «የእገሊት አማት።» በሚስትህ ነው የምትታወቀው።

እዚህ ላይ የራስህን ደብዳቤ መልሼ ላስነብብህ። «ሴቶቹ እንኳ እስከ ሠልስት ከባለቤቴ አልተለዩም» ብለሃል። በአንድ መስመር ጽፈህ አልፈኸዋል። ለምን ይመስልሃል ያልተለዩት? አንተ ማሽን ሥር በነበርክባቸው አምስት ዓመታት እሷ የት እንደነበረች ጠይቀሃት ታውቃለህ? ባላውቃትም የደሴ ሴት ናትና የት እንደነበረች መገመት አያቅተኝም። ለቅሶ ሲሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። እንጀራዋን ይዛ ትሄዳለች። ሰው ቤት ጓሮ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ያንን ሁለት ሰው የማያነሳውን ድስት በአመድ ትፈትጋለች። ማታ ልጆቹን ካስተኛች በኋላ ተመልሳ ሄዳ ከሐዘንተኛዋ ጎን ጋደም ትላለች፤ ጠዋት አንተ ለሥራ ስትነሳ ተመልሳ ቁርስህን እያቀረበች ነው። እናትህ ስታርፍ ሴቶቹ የመጡት ለዚያ ነው። «አንተ ውጣ፣ እኔ አልወጣም» ስትልህ እልህ ይዟት አይምሰልህ። አምስት ዓመት የደከመችበትን አንተ በአንድ ቀን ንዴት እንዳታፈርስባት ነው። ዛሬ ማታ ስትገባ አመስግናት። በልብህ ሳይሆን አፍ አውጥተህ፣ ልጆቹ እየሰሙ።

ሌላ አገር ሆናችሁ ለምታነቡ ትንሽ ላብራራ። ወሎ ውስጥ ቅሬ የምንለው እናንተ ዕድር የምትሉትን ነው። መዋጮ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ውስጥ ያሉበት ሰፈር ብዙ ነው። ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱ ለየብቻ ይጣዳል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የእናቴ እናት ደግሞ ክርስቲያን ነበሩ፤ ሁለቱንም ለቅሶ ተቀምጬ ነው ያደግኩት። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፣ ማንንም አይጠየፍም ለማለት። ሕፃን ሆኜ በዚያ ሳልፍ አያቴ ይሄን ሲነግሩኝ፣ እኔ አዳራሹ የሰፈራችን ቅሬ ይመስለኝ ነበር። ድሮ ገጠሩ ላይ ከቅሬ የወጣ ሰው ከጎረቤት እሳት እንኳ አይጫርም ነበር። ዛሬ ክብሪት የሚያጣ የለም። ግን «ወጣሁ» ስትል ሽማግሌዎቹ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ያ የድሮው ነገር መሆኑን እወቅ። አንተ «አባልነቴን ሰረዝኩ» ስትል እነሱ የሚሰሙት «ተቆራረጥን» ነው።

አሁን የራሴን ልንገርህ።

ባለቤቴ ያረፈው ነሐሴ ላይ ነው። የደሴን ነሐሴ የኖረበት ያውቀዋል። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍናት ከፊትህ ያለውን ሰው አታየውም፣ ዝናቡም አያባራም። ድንኳን ተተከለ። መብራቱ ከጎረቤት ግቢ ነው የተሳበው። ገመዱ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፦ አራት ቦታ የተቀጠለ፣ ቅጥሉ ላይ ፌስታል የተጠመጠመበት፣ የድንኳኑን ብረት ሁለቴ ዞሮ የተንጠለጠለ። የመጀመሪያው ማታ ከመግሪብ በኋላ ዝናቡ በረታና ፌስታሉ ውስጥ ውሃ ገባ። ጣ ጣ ጣ የሚል ድምፅ ሰማን፣ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። አንድ የሰፈር ልጅ ብረቱን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ አጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ በከዘራቸው መቱት። አላህ ነው ያተረፈው። መብራቱ ተነቀለ፣ ድንኳኑ ጨለማ ዋጠው።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ባጃጅ መጣ። ከታች ሰፈር ያለ ልጅ ነው። ባጃጇ በዕዳ የተገዛች ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ካልተሯሯጠ የዕለቱን አይሞላም፣ ስለዚህ ቀብር አልመጣም ነበር። አዙሮ ፊቷን ወደ ድንኳኑ አድርጎ አቆማትና መብራቷን ለቀቀብን። ባትሪው እንዳይሞትበት በየመሃሉ ያስነሳታል፣ ያሞቃታል፣ ደግሞ ያጠፋታል። እሱ መሪው ላይ ክንዱን ጥሎ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ አለ። ምንም አላወራም። ሁለተኛውም ማታ መጣ። ሦስተኛውም ማታ መጣ። መዝገቡ ላይ ስሙ አጠገብ የተጻፈው ግን «ቀሪ» ነው፤ ቅጣቱንም ከፍሏል። ቀብሩ ላይ ስንት ሰው እንደነበረ ዛሬ ብትጠይቀኝ አላስታውስም። በዚያች ባጃጅ መብራት ውስጥ ሲወርድ ያየሁትን ዝናብ ግን እስክሞት አልረሳውም። ልጁ ባለፈው ዓመት ሲያገባ በርበሬውን ያዘጋጀሁትም ያስፈጨሁትም እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

አንተና እሱ በመዝገቡ እኩል ቀሪ ናችሁ። እሱም እንዳንተ ሰዓት የለውም። ቀኑ ሲያመልጠው ግን ማታውን ያዘ። አንተ ቅጣቱን ስትከፍል ጉዳዩ ያለቀ መሰለህ። ልዩነታችሁ ይቺው ናት፣ ሌላ ክፉ ነገር አላየሁብህም።

ሥራህን አቃልዬ እንዳላየሁት ደግሞ እወቅልኝ። ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን በፋብሪካ ሽፍት የፈጀ ሰው ነው፣ ሽፍት ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። የቅሬ ደንብ የተሠራው ለገበሬና ለነጋዴ ነው። ገበሬ ሞፈሩን ሰቅሎ ይመጣል፣ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ማሽን እንደ ሱቅ አይዘጋም። በተለይ የኛ የሙስሊሞቹ ቀብር ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ ጠዋት ያረፈ ሰው ከዙሁር ሶላት በኋላ አፈር ይለብሳል። ሚስትህ ወዲያው ደውላ ብትነግርህ እንኳ አለቃህን ለምነህ፣ መኪና ጠብቀህ፣ ያንን 25 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጠመዝማዛ ወጥተህ ስትደርስ ሰዉ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። የኮምቦልቻው ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የሰው ሰዓት የሚገዛው በደወል ነው። አንተ ብቻ እንዳይመስልህ። ነርሷም አለች፣ የባንክ ሠራተኛውም አለ፣ የጥበቃ ሠራተኛውም አለ። ሁሉም በየቤቱ ቅጣቱን ይከፍላል፣ ሁሉም በየቤቱ ቅር ይለዋል።

ስለዚህ ቅሬውም ጥፋት አለበት። ይሄ ለዳኛው ቢደርሳቸው ደስ ይለኛል። ቅጣት የተፈለገው ሰው እንዲመጣ ነበር። አሁን አሁን የመቅሪያ ዋጋ ሆነ፤ ትከፍላለህ፣ ትቀራለህ፣ ቅሬውም በቅጣቱ ድስትና ወንበር ይገዛል፣ ሁለታችሁም ዝም። አንድ ጎልማሳ አምስት ዓመት ሙሉ በተከታታይ ሲቀር «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ በሩን የሚያንኳኳ አንድ ሽማግሌ እንዴት ይጠፋል? ያ የዳኛው ሥራ ነበር። «ቅሬው ግዴታውን ተወጥቷል» ደግሞ እናቱን ቀብሮ ለመጣ ሰው የሚባል ቃል አይደለም። ሽማግሌ ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ፣ ግን ይሄ ቃል ልክ አልነበረም።

እሺ፣ አሁን ምን ታድርግ?

አትውጣ። ቢያንስ እስከ ሰኔ ድረስ አትውጣ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚወስነው ውሳኔ ብዙ ጊዜ ያስቆጫል።

የቀረህባቸውን ቤቶች ቁጠር። ወረቀትና እስክርቢቶ ያዝና ባለቤትህን ጠይቃት፣ አንድ በአንድ ትነግርሃለች። ምናልባት ሃያ ይሆናሉ። ሁሉንም አትዘልቃቸውም፣ ቅርብ ያሉትን ሦስት አራቱን ምረጥ። በዕረፍት ቀንህ ሂድ። ቡናና ስኳር ያዝ። ፖስታ እንዳትይዝ፤ ገንዘቡንማ ሰጥተህ አይተኸዋል። ስትገባ ንግግር አታስረዝም። «ያኔ ሥራ ላይ ሆኜ አልደረስኩም፣ ቆጭቶኛል፣ ይቅር በሉኝ» በል። ሙስሊም ቤት ከሆነ «አላህ ይርሐማቸው» ማለትህ በቂ ነው፣ ማንም ከዚያ በላይ አይጠብቅብህም። ከዚያ ዝም በልና ስማ። እነሱ ያወራሉ። እንዴት እንደታመሙ፣ ሆስፒታል ስንት ቀን እንደተኙ፣ መጨረሻ ላይ ማንን እንደጠሩ። ቡና ይፈላል። አቦሉን ጠጥተህ ብድግ እንዳትል፣ በረካውን ጠጥተህ ነው የምትነሳው። ስልክህን ከኪስህ አታውጣ።

«ዓመት ካለፈው በኋላ ምን ብዬ?» ትለኝ ይሆናል። አትፈር። ባለቤቴ ካረፈ ከሰባት ወር በኋላ አንድ ሰው እንዲሁ አንኳኩቶ ገባ። ሩቅ አገር ነበርኩ አለኝና ተቀመጠ። ያን ቀን ስንት ወር ያፈንኩት እንባ እንደወጣልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። በለቅሶው ሰሞን እኮ ሰው ይበዛል፣ ማን እንደመጣ ማን እንደሄደ አታይም። ቤቱ ጭር የሚለው ከወራት በኋላ ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው ያኔ ነው የሚደርስልህ። ይሄን አሁን አንተም የምታውቀው ይመስለኛል፤ ሁለት ወር ሆኖሃል፣ ዛሬ ስለ እናትህ የሚጠይቅህ ስንት ሰው አለ?

ከዚህ በኋላ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ቀብሩ ካለፈህ ማታውን ያዝ። ከሽፍት ወጥተህ ደሴ ስትገባ ቤትህ ገብተህ ጫማህን እንዳታወልቅ፤ ካወለቅክ አትወጣም። በዚያው ሂድ። ጋቢ አስመጣና ቁጭ በል። ድንኳን ውስጥ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ወሬ አለ፣ ካርታ የሚጫወት አለ፣ የድሮ ደሴን የሚያወሩ ሽማግሌዎች አሉ። ወንድ ለወንድ የሚተዋወቀው እዚያ ነው። የሌሊት ሽፍት ላይ ከሆንክ ደግሞ ጠዋት ከኮምቦልቻ ስትመለስ ጎራ በል፣ ወንበር አንሳ፣ አንድ ሁለት ጀሪካን ውሃ አምጣ። ደክሞህ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሰው ያየሃል፣ አንተም ሰው ታያለህ።

ደንቡን ማስተካከል ይቻላል፣ ግን በዘዴ። የወሩ ስብሰባ ላይ ድንገት ተነስተህ እንዳትናገር። አስቀድመህ እንዳንተ የሚቀጡትን፣ ነርሷንም መምህሩንም ባጃጅ ነጂዎቹንም አነጋግር። ከዚያ ዳኛውን ቤታቸው ሄደህ አማክራቸው። ሽማግሌ ስብሰባ ላይ በድንገት የሰማውን ሐሳብ ይቃወማል፤ ቤቱ ቡናውን እየጠጣ የሰማውን ግን ራሱ ያቀርብልሃል። ይሄን ከአባቴ ነው የተማርኩት፣ አባቴ ሃያ ዓመት የቅሬ ጸሐፊ ነበሩ። የምትጠይቀው ነገር ቀላል ይሁን፦ ሥራ ላይ ሆኖ ቀብር ያልደረሰ ሰው ከሦስቱ ማታ አንዱን ካደረ፣ ወይም ድንኳን ሲነቀል ከረዳ፣ እንደተገኘ ይቆጠርለት። «ቅጣት ይቅር» እንዳትል ብቻ። ቅጣት ከቀረ ከነገ ወዲያ ማንም አይመጣም፣ እነሱም ይሄን ያውቁታል። የእናትህን ሌሊት ደግሞ ስብሰባው ላይ አታንሳው። ለዳኛው ለብቻቸው ንገራቸው፣ እንደ ልጅ። «ያን ማታ ብቻዬን ስሆን ከፍቶኝ ነበር አባቴ» በላቸው። ይሄን ሰምተው ዝም የሚሉ ሽማግሌ ደሴ ውስጥ አላውቅም።

የቴሌግራሙ ነገር? አቋቁሙት፣ ምን ክፋት አለው። እንዲያውም እነዚያን ሁለት ባልደረቦችህን አጥብቀህ ያዛቸው። ያንን ጠመዝማዛ በማታ ወጥተው፣ ብርዱን ችለው አብረውህ ያደሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ቤት ሐዘንም ሠርግም ሲሆን ቀድመህ ተገኝ። ግን በቅሬው ምትክ አታድርገው። የሥራ ጓደኛህ አንዱ ኮምቦልቻ ነው፣ አንዱ ሐይቅ ነው፣ አንዱ ከሚሴ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ልጅህን ቢያተኩሰው የምትጮህለት ግድግዳህን ለሚጋራው ሰው ነው።

2014ን አስታውስ እንጂ። ያ የጦርነቱ ጥቅምትና ኅዳር። ባንክ ዝግ፣ ስልክ ዝግ፣ መብራት የለ። የከተማው ሰው ግማሹ ወጥቶ ነበር። እኔ እናቴ መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ቀረሁ። ያኔ ሂሳብ ውስጥ ያለ ብር ምንም አልሠራልንም። ዱቄት የተካፈልነው በእግራችን ከምንደርስበት ሰው ጋር ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት አረፉ፤ ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ ስም የጠራ የለም። የቀረነው ጥቂት ሰዎች ከፈኑን ከየቤታችን አዋጥተን ቀበርናቸው። ከቀበሩት መካከል ሁለቱ ክርስቲያኖች ነበሩ። ቅሬ ሲባል እኔ የሚታየኝ ያ ነው፣ መዝገቡ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልለምንህ አልጨርስም። ኤሌክትሪሺያን ነህ እኮ! ደብዳቤህን ሳነብ ያንን ገመድ ነው ያስታወስከኝ።

የቅሬያችሁ ዕቃ ቤት ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ጠይቅና አንድ እሁድ ገብተህ ገመዱን እይ። ከወንበሩ ጀርባ፣ ከድስቶቹ ሥር ተጠቅልሎ ታገኘዋለህ። የተላጠ፣ የተቀጠለ፣ ሶኬቱ የተሰበረ ይሆናል፤ ያየሁት የቅሬ ገመድ ሁሉ እንደዚያ ነው። ለሌላው ሰው ገመድ ገመድ ነው፣ አደጋው የሚታይህ አንተ ነህ። የሚያስፈልገውን ጻፍ፦ ከውጭ ለሚዘረጋ የሚሆን ሙሉ ገመድ፣ ውሃ የማያስገባ የአምፖል መያዣ፣ ብሬከር ያለው ማከፋፈያ። ከኪስህ አትግዛው፤ ከገዛኸው እንደገና ከፋዩ ሰውዬ ትሆናለህ። ቅሬው ከቅጣቱ ገንዘብ ይግዛ፣ የአምስት ዓመት ቅጣትህም እዚያ ውስጥ አለ። ሥራው ያንተ ይሁን። ድንኳን ሲተከል የድንኳኑን ብረት ሳይነካ መብራቱን የምትዘረጋው አንተ ሁን፣ ሲነቀልም የምትጠቀልለው አንተ። አንድ ወጣት ደግሞ ከጎንህ አድርገህ አስተምረው፣ አንተ ሽፍት ላይ በሆንክ ቀን እሱ እንዲዘረጋ።

ለዳኛው ከሁሉ ቀድመህ ይሄን ብትነግራቸው ሌላው ወሬ ይቀልልሃል። ብቻ ክረምቱ ሳይገባ ይሁን። አሮጌውን ገመድም እዚያው አትተወው፣ ችግር ሲሆን አንዱ መልሶ ያወጣዋል፤ ቆራርጠህ ጣለው።